ብቻውን የማይበላሽ ዕቃ

ለቡ መብራት ኃይል አካባቢ ግድግዳ የሚጋሩ ሁለት ጠባብ ሱቆች አሉ። በአንደኛው ድስት፣ ባልዲ፣ ምጣድና ዲቫይደር ይሸጣል፤ በሌላው የተቃጠለ ምጣድ፣ የቀለጠ ዲቫይደርና መጋል ያቆመ ካውያ ይጠገናል። ባለሱቋ ሃምሳዎቹን የተሻገሩ ናቸው፤ ጠጋኙ ሠላሳ አልሞላውም። እሳቸው ጋ የተገዛው ውሎ አድሮ እሱ ጋ ስለሚመጣ ክርክራቸው የቆየ ነው። በርጩማ ተሰጥቶኝ ሲነጋገሩ የሰማሁትን፣ ድግግሞሹን ቀንሼ፣ አቅርቤዋለሁ። አልፎ አልፎ እኔም ጣልቃ ገብቻለሁ።

ጠጋኙ፦ እትዬ፣ ይቺን ምጣድ ያውቋታል?

ባለሱቋ፦ እንዴት አላውቃትም? እኔው የሸጥኳት ናት። ለፋሲካ ሰሞን የወሰደችው ልጅ አይደለችም?

ጠጋኙ፦ እሷው ናት። ሬዚስታንሱ ሁለት ቦታ ተበጥሷል፣ ሸክላው ተሰንጥቋል። ይህ ያለ ነው፤ እቀጥለዋለሁ፣ ሸክላም ይቀየራል። ስፈታው ግን ከሥሩ ባዶ ቆርቆሮ አገኘሁ። ሙቀቱ ወደ ታች እንዳይሄድ የሚይዝ ምንም ነገር አልተደረገበትም። ልጅቷ የከፈለችበት መብራት ወለሉን ሲያሞቅ ነው የከረመው።

ባለሱቋ፦ በግማሽ ዋጋ ነዋ የወሰደችው! ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ አሳይቻታለሁ። “ይቺኛዋ ትበረክትልሻለች” ብያታለሁ። ቦርሳዋን ከፍታ ቆጠረች፣ መልሳ ዘጋችው፣ ከዚያ ርካሿን አንሺልኝ አለች። ምን ላድርጋት?

ጠጋኙ፦ ወቀሳ አይደለም። ሂሳቡን ነው የምለው። ምጣድ 3500 ዋት ገደማ ይስባል፤ በብዙ ቤት ውስጥ ከሱ የሚበልጥ በላተኛ የለም። ሁለት ሰዓት ሲጋገርበት 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ቆጣሪው ላይ ይወድቃል። ሙቀት የማይዝ ምጣድ ደግሞ ለመጋል ይዘገያል፣ በየእንጀራው መሀል ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ያው ሥራ ሌላ ግማሽ ሰዓት ይጨምራል። ታሪፉ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ ትንሽ ትንሽ እየወጣ ነው። በዋጋው ላይ ተረፈኝ ያለችውን ብር ለመብራት ኃይል በየወሩ እየቆረጠች ትሰጣለች ማለት ነው።

ባለሱቋ፦ የመብራቱን ተወው። እሱ ወር ጠብቆ የሚመጣ ስለሆነ ማንም ከምጣዱ ጋር አያገናኘውም። ሴትን የሚያንገበግባት ሊጡ ነው።

ጠጋኙ፦ ሊጡ?

ባለሱቋ፦ አንተ ገመዱን ነው የምታየው። ጤፍ ስንት እንደገባ ታውቃለህ? ሦስት ቀን ያቦካሽው ሊጥ፣ አብሲት ጥለሽ፣ ኩፍ እስኪል ጠብቀሽ፣ ስትጋግሪው መሀሉ አሮ ዳሩ ጥሬ ሲቀር፣ ዓይን ሳያወጣ ሲቀር፣ አልላቀቅ ብሎ ሲቀደድ። የመጀመሪያው እንጀራ ለማሟሻ ነው፣ ይሁን። አምስተኛውም ስድስተኛውም እንደዚያ ሲሆንስ? በአንድ ዓመት ውስጥ ያ ምጣድ ያበላሸው ጤፍ ሌላ ምጣድ ይገዛል። እኔ ለራሴ ቤት ምጣድ ስመርጥ ላዩ ላይ የሚፈሰውን አስቤ ነው የምመርጠው።

ጠጋኙ፦ እውነትዎን ነው። ዳሩ ጥሬ የሚቀረው ሬዚስታንሱ በደንብ ስላልተዘረጋ ነው። በርካሹ ምጣድ ሽቦው አጭር ነው፤ መሀል ላይ ጠምጥመው ዳር ዳሩን ያሳሱታል። ሸክላው ላይ ቦዩ ሲቆፈርም በጥድፊያ ነው፤ አንዱ ጋ ጠልቆ ሌላው ጋ ብቅ ይላል። ሽቦው ብቅ ያለበት ቦታ ነው መጀመሪያ የሚበጠሰው።

ባለሱቋ፦ ድስቱም ያው ነው። ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር ቀጭን ብረት ድስት ይፈልጋሉ። ሰፊ ይሁን፣ ያብለጭልጭ፣ ዋጋው ይነስ። ከዚያ ቁሌቱን ይጥዱበታል። ሽንኩርት እንደሆነ ያለ ዘይት በራሱ ውሃ ቀስ እያለ ሰዓታት መብሰል አለበት። ቀጭን ድስት ግን እሳቱን እንዳለ ያሳልፈዋል፤ ዞር ብለሽ ስትመለሺ ከሥሩ ይዟል። ሽንኩርት ካረረ ደግሞ ያ ሽታ በበርበሬም በቅቤም አይሸፈንም። አስበው፤ ሽንኩርቱ፣ በርበሬው፣ የተነጠረው ቅቤ፣ ዶሮው፣ እንቁላሉ። የዛሬ ዶሮ ብቻውን ከድስቱ ይወደዳል እኮ! በድስቱ ያተረፈችው ዶሮውን አስበላት።

(እዚህ ላይ ሁለቱም ዝም ሲሉ እኔ ማስታወሻዬን ጻፍኩ። ስለ ርካሽ ዕቃ ሲወራ ሁልጊዜ የሚነገረው “ቶሎ ይሰበራል” የሚለው ነው። ባለሱቋ ያሉት ግን ሌላ ነው፤ አንዳንድ ዕቃ ሲበላሽ ብቻውን አይበላሽም። ሊጡን፣ ወጡን፣ አንዳንዴም ቤቱን ይዞ ይሄዳል። እንግዲህ የዕቃው እውነተኛ ዋጋ መለያው ላይ የተጻፈው ሳይሆን አብሮት የሚጠፋው ተደምሮ ነው። ይህን ከተቀበልን የትኛውን በርካሽ መግዛት እንደሚቻልና የትኛውን እንደማይቻል ለመለየት አንቸገርም።)

እኔ፦ የርካሹ ድስት ጣጣ ማሳረሩ ብቻ አይደለም። ካሜሩን ውስጥ ከቁርጥራጭ ብረት ቀልጠው በየጓሮው በሚሠሩ የአልሙኒየም ድስቶች ላይ ተመራማሪዎች ምርመራ አድርገው፣ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ወደ ምግቡ እንደሚገባ አግኝተዋል። ቁርጥራጩ ውስጥ የመኪናም የሞተርም ክፍል ይቀላቀላልና።

ባለሱቋ፦ እኔ ከየት እንደቀለጠ ማወቅ አልችልም። ሚዛን ግን አለኝ። ድስት ከማስገባቴ በፊት አነሳዋለሁ፣ አመዝነዋለሁ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ የዶላር ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ፣ የሚመጣው ዕቃ ጠባዩ ተለወጠ። ነጋዴው ዋጋ ብዙ ከጨመረ ሰው እንደሚሸሽ ያውቃል፤ ስለዚህ ዋጋውን ትንሽ ጨምሮ ብረቱን ያሳሳዋል። ያው ቁጥር፣ ያው ስፋት፣ ያው ቀለም። ስታነሳው ብቻ ነው የሚነግርህ።

ጠጋኙ፦ ዲቫይደሩም እንደዚያው ነው። አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። እትዬ፣ ያንን እበሩ ላይ የተንጠለጠለውን ነጭ ዲቫይደር አይሽጡብኝ።

ባለሱቋ፦ እሱን ካልሸጥኩ ምን ልሽጥ? በቀን ስንት ሰው ይጠይቀኛል።

ጠጋኙ፦ ለስልክ ቻርጀርና ለቴሌቪዥን ከሆነ ይሽጡ፣ ምንም አይደለም። ሰዎቹ ግን ምጣድ ይሰኩበታል። 3500 ዋት በ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ገደማ ነው። የዚያ ዲቫይደር ገመድ ውፍረቱ 0.75 ሚሊ ሜትር ካሬ ቢሆን ነው፤ 6 አምፔር ገደማ ነው የሚችለው። ማለትም ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ጭነት እናሸክመዋለን። በዚያ ላይ ገመዱን ጠቅልለው ከፍሪጅ ኋላ ይወሽቁታል። ላስቲኩ ይለሰልሳል፣ ይሸታል፣ ከዚያ ይጠቁራል። እኔ ጋ የሚመጡት ሲሸታቸው የነቀሉት ናቸው። ያልነቀሉትማ እኔ ጋ አይመጡም፤ እሳት አደጋ ነው የሚጠሩት።

ባለሱቋ፦ በስመ አብ!

ጠጋኙ፦ ምጣድ ዲቫይደር አይወድም። ከብሬከሩ ለብቻው የተሳበ፣ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ገመድ፣ ጠንካራ ሶኬት ይፈልጋል። በኮንደሚኒየም ቤቶች ውስጥ ስሠራ የማየው ብዙው ቃጠሎ ከምጣዱ አይደለም የሚነሳው፤ በሺህ የሚቆጠር ብር አውጥተው ምጣድ ከገዙ በኋላ ሶኬቱ ላይ ለመቆጠብ ሲሉ ነው። ገመዱም የሚታመን አልሆነም። ላዩ መዳብ ይመስላል፣ በምላጭ ፋቅ ስታደርገው ውስጡ ነጭ አልሙኒየም ነው። የሶኬት መሰኪያውን ጥፍር ማግኔት ካስጠጋህበትና ከያዘው፣ ነሐስ የተቀባ ብረት ነው። እነዚህን ሁለት ነገሮች ማንም ሰው ሱቅ በር ላይ ቆሞ መፈተሽ ይችላል።

እኔ፦ ባለሱቅ በምላጭ ፋቅ አድርግ ብሎ ይፈቅዳል?

ባለሱቋ፦ የማይፈቅደው ጋ አትግዛ!

ጠጋኙ፦ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምጣዱን ከመውቀስ በፊት። ማታ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ሲጋግር መብራቱ ይደክማል። 220 መሆን የሚገባው 180 ቮልት ሲሆን ሰው “ትንሽ ነው የቀነሰው” ይላል። የምጣዱ የማሞቅ ኃይል ግን ከ100 በመቶ ወደ 67 በመቶ ነው የሚወርደው፤ ምክንያቱም ኃይሉ የሚቀንሰው በቮልቴጁ ካሬ ነው። ጥሩ ምጣድ ሙቀት ስለሚይዝ ይህን ትንሽ ይቋቋማል። ርካሹ ግን ወዲያው እንጀራውን ያበላሻል። እንግዲህ ሴትየዋ “ምጣዱ ተበላሸ” ብላ ታመጣዋለች። ስሰካው ይሠራል። በዓል ሲመጣ እንዲህ ያለ ምጣድ ሱቄን ይሞላዋል።

ባለሱቋ፦ ሰው ደግሞ ሁሉን “የቻይና ስለሆነ ነው” ይላል።

ጠጋኙ፦ እርስዎም ይሉታል እኮ።

ባለሱቋ፦ እላለሁ፣ ግን አላምንበትም። ባቡሩስ የማን ነው? በመስከረም 2009 እዚሁ ለቡ ጣቢያ ሲመረቅ ሄጄ አይቻለሁ። ከሰበታ ተነስቶ በኛ በኩል አልፎ ጅቡቲ የሚደርስ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድ፣ በኤሌክትሪክ የሚሄድ፣ የሠሩት ቻይናዎች ናቸው። ያን ሁሉ ጭነት ይሸከማል። እንግዲያው ችግሩ አገሩ አይደለም። ቻይና ሄዶ ዕቃ የሚያዘው የኛው ነጋዴ ነው፤ ፋብሪካው “በስንት ላድርግልህ?” ሲለው “በትንሹ” ይላል። በትንሹ ያዘዘ በትንሹ ይደርሰዋል።

ጠጋኙ፦ “ኦሪጅናል” የሚለው ወረቀትም ከዚያው ነው የሚለጠፈው።

ባለሱቋ፦ እሱንማ ተወኝ። ለብቻው በጥቅልል ይሸጣል።

እኔ፦ የእንግሊዙ ደራሲ ቴሪ ፕራቼት እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመው ልብ ወለድ ውስጥ አንድ የከተማ ጥበቃ አዛዥ አለ፤ ደመወዙ ትንሽ ነው። ጥሩ ቦት ጫማ 50 ዶላር ነው፣ አሥር ዓመት ያስኬዳል። እሱ አቅሙ የሚፈቅደው ባለ 10 ዶላሩን ነው፤ አንድ ሁለት ወቅት አገልግሎ ውሃ ማስገባት ይጀምራል። በአሥር ዓመት ውስጥ ድሃው 100 ዶላር ያወጣል፣ እግሩም አሁንም እርጥብ ነው። ሀብታም ሀብታም ሆኖ የሚቀረው ትንሽ ስለሚያወጣ ነው ይላል አዛዡ።

ባለሱቋ፦ እውነት ነው፣ ግን ሰውዬው በረባሶ አያውቅም።

እኔ፦ እንዴት?

ባለሱቋ፦ በረባሶ ከከባድ መኪና ጎማ ነው የሚቆረጠው። በዘመኔ ከሱ የረከሰ ጫማ አላየሁም፤ ከሱ የበረከተም አላየሁም። አባቴ አንዱን ጥንድ ስንት ዓመት እንዳረሰበት አላውቅም። ውሃ ቢገባው ይወጣል፣ እሾህ አይወጋው፣ አያረጅ። ስለዚህ ርካሽ ሁሉ ይጎዳል፣ ውድ ሁሉ ይበረክታል የሚባል ነገር የለም። ውድ መጭመቂያ ገዝታ የአንዲት ትንሽ ጥርስ መለዋወጫ አጥታ ቁምሳጥን ላይ የሰቀለች ስንት አለች! ተናገር እንጂ አንተ።

ጠጋኙ፦ በሽ ነው። የሚከፈትበት ብሎን የሌለው፣ በማስቲሽ የተደፈነ ዕቃ ይመጣልኛል። ዋጋው ትልቅ ነው፣ ስሙም ትልቅ ነው፤ እኔ ግን ካቻቪቴ የማስገባበት የለኝም። ተራው የሸክላ ምጣድ ግን ሬዚስታንሱ ቢበጠስ አንድ ሰዓት አይፈጅብኝም፣ ሽቦውም በየሱቁ አለ። ለዚህ አገር ጥሩ ዕቃ ማለት የሚፈታ ዕቃ ነው። መርካቶ ምናለሽ ተራ ብትሄድ የማይፈታ፣ የማይቀጠል ነገር የለም፤ ቁራሌው ከየሰፈሩ ለቅሞ የሚያደርሰውን ብረት እዚያ ምድጃ ያደርጉታል፣ ማጠፊያ ያደርጉታል። እዚያ የማይፈልጉት ዕቃ ካለ እሱ ነው ርካሹ፣ በሚሊዮን ቢገዛም።

(ይህ ከሁሉ በላይ ያሳመነኝ ነው። ዋጋ ሲወደድ ጥራት ይመጣል የሚለውን አስተሳሰብ ከሌላ ቦታ የተቀበልነው ይመስለኛል። ጠጋኝ በየመንገዱ ባለበት ከተማ የሚጠየቀው “ስንት ነው?” ብቻ ሳይሆን “ሲበላሽ ማን ይከፍተዋል?” የሚለው ነው።)

እኔ፦ እሺ፣ እትዬ፣ ምንን በርካሽ ልግዛ?

ባለሱቋ፦ የሚወድቀውንና የሚጠፋውን። የፕላስቲክ ኩባያ፣ ጆግ፣ መጥረጊያ፣ የልብስ መቆንጠጫ፣ የሕፃን ሰሃን። ልዋጮች በየሰፈሩ እየጮሁ ሲዞሩ አሮጌ ሱሪህን ሰጥተህ የምትቀበለው ሳፋ እንኳ ዓመት ያገለግላል። ቢሰበር ምን ይዞ ይሄዳል? ምንም። ባልዲ ግን እጀታውን ተመልከት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር አራተኛ ፎቅ የሚወጣ ባልዲ ደረጃ ላይ እጀታው ሲነቀል ውሃው ብቻ አይደለም የሚፈሰው፤ ሰውም ይወድቃል።

ጠጋኙ፦ የቤት ዕቃስ? ቺፑድ ቁምሳጥን?

ባለሱቋ፦ እሱ እንደ ሰዉ ነው። የራስህ ቤት ከሆነ፣ ግድግዳው የማያረጥብ ከሆነ፣ አንዴ ተገጥሞ የማይነካ ከሆነ ቺፑድ ምን አለው? ተከራይ ከሆንክ ግን አትንካው። አንዴ ከተፈታ ብሎኑ የነበረበት ቀዳዳ መልሶ አይዝም፤ ዱቄት ነውና። ውሃ ከነካው ደግሞ ያብጣል። ከቤት ወደ ቤት የሚንከራተት ሰው እንጨት ይግዛ፣ አሮጌም ቢሆን። ያገለገለ የዋንዛ አልጋ ከአዲስ ቺፑድ ይሻለዋል፤ ሲፈልግም ይሸጠዋል። ቺፑዱን ማን ይገዛዋል?

ጠጋኙ፦ አዲስ ካልሆነ የማይጥማቸው ግን አሉ፤ ሙሽሮች በተለይ።

ባለሱቋ፦ ሙሽራ ቤቱን የሚያስጌጠው ለእንግዶቹ ነው፣ አታውቅም? ይለፈን።

እኔ፦ ወደዚያች ልጅ ልመለስ። ሁለቱን ምጣድ ጎን ለጎን አይታ፣ የቱ እንደሚበረክት ተነግሯት፣ ርካሹን ያነሳችው። አላወቀችም ነው የምንለው?

ባለሱቋ፦ አብጠርጥራ ታውቃለች! ወንድሜ፣ ድሃ ዕቃ አያውቅም የሚል ሰው ድሃ አያውቅም። ከሀብታም ይልቅ ዕቃ የሚያገላብጠው ድሃ ነው። ከሰል እዚህ ጆንያ ሙሉ የሚገዛና በፌስታል የሚገዛ አለ። በፌስታል የሚገዛው ለአንድ ኪሎ የበለጠ እንደሚከፍል ያውቃል። ዘይቱንም እንደዚያው፣ ሳሙናውንም እንደዚያው። በእጁ ያለው የዛሬ ብር ስለሆነ ነው። ያቺም ልጅ የቀን ሠራተኛ ባል ነው ያላት፤ በወር መጨረሻ የሚመጣ ደመወዝ የላትም። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ?

ጠጋኙ፦ ታዲያ ምን ይደረግ? በዱቤ ይስጧት?

ባለሱቋ፦ ዱቤማ ሱቁን ይዘጋዋል። መፍትሔው እቁብ ነው፣ ሌላ የለም። እኛ ሰፈር ሴቶች የዕቃ እቁብ አለን። ብር በየሳምንቱ ይጣላል፣ ዕጣ የወጣላት ብሩን አታይም፤ ምጣድ የሚያስፈልጋት ምጣድ፣ ድስት የሚያስፈልጋት ድስት ይገዛላታል። ብር በእጇ ቢሰጣት ሌላ ጉድጓድ ይሞላል፤ የልጅ ደብተር አለ፣ የታመመ አለ። ዕቃው ሲሰጣት ግን ጥሩውን ነው የምንገዛው፤ ሁላችንም ስላለንበት ርካሹን እንግዛ የሚል የለም። ለብቻዋ የማትደፍረውን በማኅበር ትደፍረዋለች።

እኔ፦ እድርም እንዲሁ አይደል?

ባለሱቋ፦ እድር እንዲያውም ከሁላችን በፊት ነው የገባው። የእድር ግምጃ ቤት ገብተህ ታውቃለህ? ጎላ ድስቱን ሁለት ወንድ ነው የሚያነሳው። ስንት ለቅሶ፣ ስንት ሠርግ፣ ስንት ክርስትና አብስሏል! አግዳሚው፣ ድንኳኑ፣ ብርጭቆው ሳይቀር ተቆጥሮ ይወጣል፣ ተቆጥሮ ይገባል፣ የጎደለ ይከፈልበታል። እድር ቀጭን ድስት ገዝቶ አያውቅም፤ ምክንያቱም ለቅሶ ቤት ወጥ አሮ አባሉን መጋፈጥ አለ። ደግሞ በዓመት አንዴ ለሚያስፈልግ ጎላ ድስት እያንዳንዱ ቤት ለምን ርካሽ ይገዛል? አንድ ጥሩ ለሁሉ ይበቃል።

(መንግሥትም አንዳንዴ ይህንኑ ሂሳብ ሠርቷል። የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ፣ የኤሌክትሪክ እጥረቱ በጠናበት ጊዜ፣ መብራት ኃይል የሕዝቡን ባለ ክር አምፖል ተቀብሎ ኃይል ቆጣቢውን በነፃ ሰጥቷል። ባለ ክሩ 60 ዋት የሚስብበትን ብርሃን ቆጣቢው በ11 ዋት ይሰጣል። አምፖሉን ገዝቶ ማደል ናፍጣ የሚበላ ጄኔሬተር ከማቆም ረከሰ። ሱቅ ውስጥ ግን ውዱ አምፖል ቆጣቢው ነበር፤ ሕዝቡም ለዓመታት የገዛው ባለ ክሩን ነው።)

ጠጋኙ፦ ከሰሉ ላይም ያው ነው። ላቀች ምድጃ በ1980ዎቹ ከኬንያው ጂኮ ተወስዳ እዚህ ስትሠራ ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ትወደድ ነበር። ከሰሉን ግን በሩብ ያህል ትቀንሳለች። ምርጥ የተባለው የእንጀራ ምድጃም በሦስት ጉልቻ ከሚነደው እንጨት ግማሽ ያህሉን ያተርፋል። እናቴ አሁንም ገጠር በሱ ነው የምትጋግረው።

ባለሱቋ፦ ላቀችን እኔ እሸጣለሁ፣ ግን እሷም ተኮረጀች። ሸክላው ሳሳ፣ ቀዳዳው በዛ፣ ቆርቆሮው ቀጠነ። ስሟ ላቀች፣ ሥራዋ ተራ ምድጃ። ሸክላዋን በጣትህ አንኳኳት፤ የተሰነጠቀች እንደሆነ ድምፅዋ ይናገራል።

ጠጋኙ፦ እሺ እትዬ፣ ሁሉን ተናገሩ። እዚያ ግድግዳ ላይ ያለውንስ?

(ግድግዳው ላይ በወረቀት “የተሸጠ ዕቃ አይመለስም” የሚል ተለጥፏል። ለቡ ብቻ ሳይሆን አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ሱቅ ይህን ይለጥፋል።)

ባለሱቋ፦ ሁሉም ይለጥፋል፣ እኔም ለጠፍኩ።

እኔ፦ ሕጉ ግን ሌላ ይላል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበትን ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ደንግጓል። ወረቀቱ ይህን መብት አይሽረውም።

ባለሱቋ፦ ጉድለት ያለበት ከሆነ እለውጣለሁ፤ ደረሰኝ ይዘው ይምጡ። ወረቀቱ ወጥ አሳርረውበት ድስቱን አጥበው ለሚመልሱት ነው።

ጠጋኙ፦ እሱም አለ። ግን እትዬ፣ 15 ቀን ምን ይሠራል? ቀጭን ሬዚስታንስ 15 ቀን ይቆያል። ቀጭን ገመድ 15 ቀን ይቆያል። የሚበጠሰው በሦስተኛው ወር ነው። ይቺ ልጅ ለፋሲካ ገዝታ አሁን ክረምት ሊገባ ነው።

ባለሱቋ፦ ለዚህማ ዋስትና ነዋ የሚጠየቀው። ያቺን ጥሩዋን ምጣድ የሚሠራልኝ ሰው ለአንድ ዓመት ሬዚስታንሷ ቢበጠስ በነፃ እቀይራለሁ ብሎ ፈርሞ ይሰጣል። የርካሿ ሠሪ ምን አለኝ መሰለህ? “እትዬ፣ በዚህ ዋጋ ዋስትና የለም።” እንዲህ ሲል እኮ ራሱ ነው የነገረኝ።

ጠጋኙ፦ ለልጅቷስ ነገሯት?

ባለሱቋ፦ አልጠየቀችኝም። ከአሁን በኋላ ግን ሳይጠይቁኝም እናገራለሁ፤ ዲቫይደሩ ላይም “ለምጣድ አይሆንም” ብለህ በትልቁ ጻፍልኝ፣ እሰቅለዋለሁ። ምጣዷን ደግሞ ከሥሯ መከላከያ አድርገህ ሥራላት። ግማሹን እኔ እችላለሁ።

እናንተም ምጣድ፣ ሶኬት ወይም ገመድ ለመግዛት ስትወጡ ከዋጋው በፊት በዋስትናው ተከራከሩ። ለስንት ወር እንደሆነና ምን ምን እንደሚሸፍን በደረሰኙ ጀርባ አጽፉ፣ አስፈርሙ። ሻጩ ለመጻፍ እምቢ ካለ ወደሚቀጥለው ሱቅ እለፉ።